ሰርዶ አንድ ሣር ነው ወይስ ብዙ? ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እስቲ ኑ

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከርሟል። እኛ ግቢ ያለው ሰርዶ ድንክ ነው። ቅጠሉ አጭር፣ አንጓው የተጠጋጋ፣ መሬቱን ልጥፍ ብሎ የያዘ። ኮምቦልቻ ቦርከና ዳር አክስቴ እርሻ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ግንዱ ረዥም፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ከቦዩ ዳር ቀና ብሎ ጉልበት ሊደርስ ምንም አይቀረው።

አክስቴ ሁለቱንም ሰርዶ ትላለች። ጎረቤቷ ደግሞ «የደሴው ሌላ ዘር ነው» ይላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። በዚህች ርቀት አንድ ሣር እንዲህ መልኩን ይቀይራል? ወይስ ሁለት ሣር በአንድ ስም እየጠራን ነው? ስለ ዕፅዋት የተማራችሁም፣ የምታርሱም፣ ከብት ያላችሁም የምታውቁትን ጻፉልኝ።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

አፈሩ ነው ወንድሜ። እናንተ ጋ ድንጋይ ነው፣ እኛ ጋ ደለል ነው። ሣሩም እንደ መሬቱ ነው የሚሆነው። ሌላ ነገር የለውም።

የቃሉ ልጅ

አይመስለኝም። እኛ ማሳ ዳር ላይ ጎን ለጎን ሁለት ዓይነት አለ። አንድ አፈር፣ አንድ ውኃ፣ አንድ ፀሐይ። አንዱ እንደ ክር ቀጥኖ ይሳባል፣ አንዱ ወፍራም ነው። አፈር ቢሆን ሁለቱም አንድ ይሆኑ ነበር። ዘር ነው።

ሣር ወዳድ (ደሴ)

ዕፅዋት ነው ያጠናሁት። ከዕፅዋትም ሣር፣ ከሣርም ሰርዶ ልቤን ይዞታል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሡኝ።

መጀመሪያ አፈርና ዘር ከማለታችን በፊት የያዝነው ሰርዶ መሆኑን እንይ። ደሴ ላይ ሰርዶ የሚባለው ሁሉ ሰርዶ አይደለም። በተለይ ውኃ በማያጣው ግቢ ውስጥ ኪኩዩ የሚባል ሣር አለ። እሱም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፣ የእኛንም ደጋ ጨምሮ። እንደ ሰርዶ ይሳባል፣ እንደ ሰርዶ ምንጣፍ ይሠራል። ግን ግንዱ ወፍራም ነው፣ ቅጠሉ ፈካ ያለ አረንጓዴና ጠጉራም ነው። አበባው ደግሞ አይታይም። ቅጠሉ ግንዱን ከሚያቅፍበት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፣ ጠዋት ላይ ነጫጭ ክሮች ብቻ ብቅ ይላሉ።

ሰርዶ አበባውን አይደብቅም። ከቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ከአንድ ነጥብ የሚነሡ ጣቶች ያወጣል። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ናቸው። ጣቶቹ ከአንድ ነጥብ መነሣታቸውን ልብ በሉ። ከአንዱ ከፍ፣ ከሌላው ዝቅ ብለው በዘንጉ ላይ ከተደረደሩ ሌላ ሣር ነው። ዲጂታሪያ የሚባሉት እንደዚያ ያደርጋሉ፣ ከእነሱም ውስጥ ገበሬ የሚያማርር ከመሬት በታች የሚሳብ አለ። ጣቶቹ በዝተው አሥርና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ሣሩም ረዥም ከሆነ፣ ለመኖ የሚዘራው ሮደስ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቅጠሉ ከግንዱ የሚለይበትን ቦታ ወደ ኋላ አጥፋችሁ እዩት። ሰርዶ እዚያ ላይ እንደ አጥር የቆመ የነጭ ጠጉር መስመር አለው። በደንብ ካላያችሁ አትደምድሙ።

በመጨረሻ ቆፍሩ። ይህን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሰርዶ ሁለት ዓይነት ተጓዥ ግንድ አለው። አንዱ በመሬት ላይ ይሳባል፣ አንዱ በመሬት ውስጥ ይሄዳል። የውስጡ ነጭና ጠንካራ ነው፣ ጫፉ ይዋጋል። ሰው ሥር ይለዋል እንጂ ሥር አይደለም። አንጓ ያለው ግንድ ነው።

ጦሳ ሥር፣ እነዚህን አይተህ ተመለስ። አክስትህንም አስቆፍራቸው።

ጋሪ ነጂው (ኮምቦልቻ)

ፈረሴ ሰርዶ ካየ አይላወስም። እኔ የማውቀው ይህን ነው 🙂 ግን እየተማርኩ ነው፣ ቀጥሉ።

አያ መምህር

ልጆቼ፣ ጥሩ ጉዳይ አንሥታችኋል። እኔ እንኳ ስለ ዝርያው የምለው የለኝም። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ወጣት መምህር ነበርኩ። መሬቱ ምንም የቀረው አይመስልም ነበር። በኋላ ዝናቡ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ መሬቱን ያለበሰው ሰርዶ ነው። ዘር የዘራ ሰው የለም። ከየት መጣ እንል ነበር። እስቲ እሱን አስረዱኝ።

ሣር ወዳድ (ደሴ)

አያ መምህር፣ ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልን። የመጣው ከዚያው ከመሬቱ ውስጥ ነው። አንቱ ያዩት ያ የምድር ውስጥ ግንድ ነው። በደህናው ጊዜ ስታርችና ስኳር ያከማቻል። ላዩ ደርቆ ገለባ ሲሆን ውስጡ ያለው እንቡጥ ሳይሞት ይቆያል። ዝናብ ሲነካው ከዘር የሚበቅለው ሣር ገና ሲፈነድቅ እሱ ባለ ስንቅ ነውና ቀድሞ ይወጣል። ከዓመት ዓመት የሚኖር ሣርና በየዓመቱ ከዘር የሚጀምር ሣር ትልቁ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። ጤፍና ሰርዶ እኮ በሣር ቤተሰብ ውስጥ የአንድ ንዑስ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዳጉሳም፣ የስፌቱ አክርማም እዚያው ናቸው። ጤፍ ግን ዘሩን ጥሎ ይሞታል። ሰርዶ አይሞትም።

ቦርከና ማዶ

ጤፍና ሰርዶ ዘመድ? ይህን ለአባቴ ብነግረው አያምነኝም። ዕድሜውን ሙሉ አንዱን ለማዳን ሌላውን ሲነቅል ነው የኖረው።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ተመልሻለሁ። የግቢውን ቆፈርኩ። ነጭ ግንድ አለው፣ ጫፉ እንደተባለው ይዋጋል። አበባውም አራት ጣት ነው፣ ከአንድ ነጥብ የወጣ። ሰርዶ ነው ማለት ነው። የሚገርመው ቧንቧው ዳር ያለው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ጠጉራም፣ ወፍራም፣ አበባ የማይታይበት። ሁልጊዜ አንድ አድርጌ ነበር የማየው።

አክስቴም አስቆፍራ ፎቶ ላከችልኝ። ማሳው ውስጥ ያለው የምድር ውስጥ ግንድ አለው። ቦዩ ዳር ያለው ረዥሙ ግን የለውም! በመሬት ላይ የሚሳበው ብቻ ነው፣ እሱም እንደ እርሳስ የወፈረ። ይህ ምን ማለት ነው?

ሣር ወዳድ (ደሴ)

በጣም ደስ ብሎኛል! አሁን ነገሩ ለየ። ቧንቧው ዳር ያለው ኪኩዩ ሳይሆን አይቀርም። የቦዩ ዳሩ ደግሞ የሰርዶ የቅርብ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ስታር ግራስ የሚባሉ አሉ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ናቸው። ትልልቅ ናቸው፣ በመሬት ላይ ብቻ ይሳባሉ፣ የምድር ውስጥ ግንድ የላቸውም። ከእነሱ አንዱ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከእኛው አገር ስም ነው፤ ሲኖዶን ኢትዮፒከስ ይባላል። ስሙን ክሌይተንና ሃርላን የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው።

ቶሎ እንዳንደመድም ግን። ወጣት ሰርዶም የምድር ውስጥ ግንዱን ገና ላያወጣ ይችላል። ደለል አፈር ላይ ደግሞ በጥልቀት ሊሄድ ይችላል። አክስትህ በዶማ ጠለቅ አድርገው፣ ከአሮጌው ከመሐሉ ይቆፍሩ እንጂ ከዳር ከሚሳበው አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። በኮምቦልቻው ማሳ ውስጥ ያለው እውነተኛ ሰርዶና የደሴው ድንክ ሰርዶ ለምን ይለያያሉ?

ቦርከና ማዶ «አፈሩ ነው» ብሏል። አፈሩ አለበት፣ ግን ብቻውን አይደለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን ወርዶ የሚያውቅ ሰው ሙቀቱ በልብሱ ውስጥ ይሰማዋል፣ 4 ዲግሪ ገደማ ይለያያል። ይህ ለሰርዶ ብዙ ነው። ስንዴና ገብስ ምግባቸውን የሚሠሩበት መንገድ ለብርድ የሚመች ነው። ሰርዶ ግን እንደ ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ ሲ ፎር የሚባለውን መንገድ ነው የሚከተለው። ይህ መንገድ ሙቀትና ብርቱ ብርሃን ሲያገኝ ይበረታል፣ ብርድ ላይ ያዘግማል። ስለዚህ ያው አንድ ተክል ኮምቦልቻ ላይ ሲንጠራራ ደሴ ላይ ይኮማተራል።

ግጦሹም አለ። በግ በየቀኑ የሚቆረጥመው ሰርዶ መሬት ላይ ይተኛል፣ አንጓው ይጠጋጋል። ጥላ ውስጥ ያለው ደግሞ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ከዚያም ይደክማል። ሰርዶ ጥላ አይችልም።

ይህ ሁሉ አካባቢው የሚሠራው ነው። የቃሉ ልጅ ያየው ግን በዚህ አይፈታም፤ በአንድ አፈር ላይ ጎን ለጎን ሁለት መልክ። እሱ የዘር ነው። ሰርዶ በነፋስ ነው የሚዳቀለው፣ በራሱ የአበባ ዱቄት እምብዛም ዘር አይዝም። ከሌላው ጋር መዳቀል አለበት። ስለዚህ ከዘር የሚወጣ እያንዳንዱ ሰርዶ ከወንድሙ ይለያል። አንዴ ከበቀለ በኋላ ግን ዘር ሳያስፈልገው በግንዱ ይስፋፋል፣ የሚወጣውም ሁሉ ያው ራሱ ነው። አንድ ሙሉ ግቢ የሸፈነ ሰርዶ አንድ ግለሰብ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የቃሉ ልጅ ማሳ ዳር ላይ ያሉት ሁለቱ፣ ሁለት ግለሰቦች እየተስፋፉ ድንበር ላይ የተገናኙ ይመስሉኛል።

በክሮሞሶም ቁጥርም ይለያያሉ፤ ክሮሞሶም በሕዋስ ውስጥ ያለ የዘር መረጃ ተሸካሚ ነው። 18 ያላቸው አሉ፣ 36 ያላቸው አሉ። ዓለምን ያጥለቀለቀው አረም የሆነው ባለ 36ቱ ነው።

የቃሉ ልጅ

ይኸው! ዘር ነው ብዬ ነበር።

ቦርከና ማዶ

አፈርም አለበት ተብሏል እኮ አብሽር 😄

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

የሰፈራችንን ሜዳ ሣር ለማልበስ አስበን ነበር። በቴሌቪዥን የምናየው የኳስ ሜዳም ሰርዶ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ሣር ወዳድ (ደሴ)

ሞቃት አገር ያሉት ብዙዎቹ አዎ። ግን ዝም ብሎ ሰርዶ አይደለም። ተራውን ሰርዶ ከደቡብ አፍሪካው ቀጭን ዘመዱ ጋር አዳቅለው ያወጡት አለ። ክሮሞሶሙ 27 ይሆናል፣ የዘጠኝ ሦስት እጅ ስለሆነ ለሁለት እኩል አይከፈልም፣ ስለዚህ መካን ነው። ዘር የለውም። በቁራጭ ግንድ ብቻ ነው የሚተከለው። ከእነዚህ በጣም የታወቀው ቲፍዌይ እ.ኤ.አ. በ1960 ነው አሜሪካ ውስጥ ለተጠቃሚ የወጣው።

ለእናንተ ሜዳ ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም። ደሴ ውስጥ ለምዶ፣ ብርዱን ችሎ፣ እየተረገጠ የሚኖር ድንክ ሰርዶ ፈልጉ። መንገድ ዳር ሰው እየሄደበት ጥቅጥቅ ብሎ የቆየውን። ከእሱ ቁራጭ ወስዳችሁ ክረምት መግቢያ ላይ ትከሉ። እየተረገጠ ያደገ ሣር ለመረገጥ የተመረጠ ሣር ነው።

የቃሉ ልጅ

እኔ ደግሞ የምፈልገው ማብቀል ሳይሆን ማጥፋት ነው። ጤፍ ማሳዬን ሊወስድብኝ ነው። በክረምት አርሳለሁ፣ ይብሳል። አርሳለሁ፣ ይብሳል። በሬዎቼ ደከሙ እንጂ እሱ አልደከመም።

ሣር ወዳድ (ደሴ)

በክረምት ስታርስ እየተከልከው ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በየአንጓው ላይ እንቡጥ አለ። ግንዱ ሳይቆረጥ ሲቀር ጫፉ ሌሎቹን እንቡጦች አፍኖ ያስተኛቸዋል። ማረሻው ሲቆራርጠው ያ ማፈን ይቀራል። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያለው እንቡጥ ይነቃል። መሬቱ እርጥብ ነው፣ ወዲያው ሥር ይሰዳል።

ያንኑ ሥራ በበጋ ሥራው። አብዛኛው የምድር ውስጥ ግንድ ያለው ላይኛው አፈር ውስጥ ነው፣ ማረሻ የሚደርስበት። ደረቅ ወር ላይ ገልብጠህ ወደ ላይ አውጣው፣ ፀሐይ ያድርቀው። ደጋግመህ አርስ። የወጣውን ልቀምና ከማሳው አውጣ፣ ድንበር ላይ አትጣለው። በበልግ ዝናብ ድንገት ከተቀደምክ ግን ያው ተከልከው ማለት ነው፣ ጊዜውን ጠብቅ።

ሁለተኛው ጠላቱ ጥላ ነው። ማሳው በሰርዶ የተያዘ ከሆነ ለአንድ ወቅት ጤፍን ትተህ ቶሎ የሚሸፍን ሰብል ብትዘራ ይደክማል። ጤፍ በልጅነቱ ስስ ነው፣ መሬቱን አያጠላም፣ ስለዚህ ለሰርዶ ይመቸዋል። ፀረ አረም የምትጠቀም ከሆነም ቅጠሉን ብቻ የሚያቃጥለው ዓይነት አይጠቅምህም፣ ከታች ያለው ስንቅ አይነካም።

እንዲህም ሆኖ በአንድ ዓመት አይጠፋም። የምታደርገው ስንቁን ማስጨረስ ነው።

አያ መምህር

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚባለው ለካ ከንቱ ምኞት ኖሯል። ሞተችም አልሞተች ይበቅላል።

ቦርከና ማዶ

😂😂 አያ መምህር ይኑሩልን።

እታለም ዘ ደሴ

ስለ ማጥፋት ብቻ አታውሩ እባካችሁ። እኛ ቁልቁለት ላይ ነው ያለነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከላያችን ያለው መሬት እንዳይመጣብን እንሰጋለን። ሰርዶ አፈር ይይዛል ይባላል። ጓሮዬ ላይ ብተክለው ይጠቅመኛል?

ሣር ወዳድ (ደሴ)

እታለም፣ በዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም የሰው ቤትና ሕይወት ነው። ሰርዶ የላዩን አፈር በጎርፍ እንዳይታጠብ አጥብቆ ይይዛል። ለዚያ እሱን የሚያህል ጥቂት ነው። ቦረቦር እየሆነ ለሚሄድ ጠርዝ፣ ለእርከን፣ ለቦይ ዳር ጥሩ ነው። የመሬት መንሸራተት ግን ሌላ ነው። እሱ የሚነሣው ከጥልቅ ነው፣ ውኃ ገብቶ የታችኛው ሽፋን ሲለቅ። ሰርዶ ያን ያህል አይጠልቅም፣ አብሮ ነው የሚሄደው። ቁልቁለቱ ላይ ስንጥቅ ካየሽ፣ ግድግዳሽ ከተሰነጠቀ ወይም ዛፎች ማዘንበል ከጀመሩ በሣር አትተማመኚ። ለሚመለከተው አካል አሳውቂ፣ በከባድ ዝናብም እዚያ አትደሪ።

ለማሳ ጠርዝ ደግሞ ሰርዶን አልመክርም፣ ወደ ሰብሉ ይገባል። ቬቲቨር የሚባለው ሣር በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ያድጋል እንጂ አይሳብም፣ ሥሩም ወደ ታች ነው የሚሄደው። ደሾ የሚባለው ሣርም በእርከን ላይ ይተከላል፣ ለከብትም ይሆናል።

እታለም ዘ ደሴ

አላህ ይስጥሽ እህቴ። ስንጥቁን ነገ አየዋለሁ።

ጋሪ ነጂው (ኮምቦልቻ)

ስለ ፈረሴ ልጠይቅ። ያ ቦይ ዳር ያለው ዘመዱ፣ ስታር የተባለው፣ ይበላል?

ሣር ወዳድ (ደሴ)

ይበላል፣ በብዙ አገር ለግጦሽ ይተከላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ስታር ግራስ የሳያናይድ መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ነገር በቅጠሉ ይይዛል። በተለይ ማዳበሪያ ከበዛበት፣ ወይም ድርቅ መትቶት እንደገና ለምለም ሲያወጣ። በጣም የራበውን እንስሳ በአንዴ እዚያ ላይ አትልቀቅ። ደረቅ ነገር ቀምሶ ይግባ፣ ትንሽ ትንሽ ይልመድ። ፈረሱ ድንገት መተንፈስ ካቃተው ወይም ከተንገዳገደ ሳትዘገይ የእንስሳት ሐኪም ጥራ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

አንድ ነገር ይቀረኛል። የደሴው ድንክነት ከብርዱ ይሁን ከዘሩ በምን አውቃለሁ? እውነተኛ ሰርዶ መሆኑ እንደሆነ ተረጋግጧል።

ሣር ወዳድ (ደሴ)

ጎን ለጎን በመትከል። ቱሬሶን የሚባል ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳተመው ጥናት መሠረቱ ይኸው ነበር፤ ከባሕር ጠረፍና ከሌላ ቦታ አንድ ዝርያ እያመጣ አንድ የአትክልት ቦታ ላይ ተከለ። ልዩነቱ ከጠፋ አካባቢው ነበር፣ ከቆየ በዘሩ ውስጥ አለ። ሃርላንና ደ ዌት በ1960ዎቹ ለሰርዶ ያንኑ አደረጉ። ከዓለም ዙሪያ ሰብስበው ኦክላሆማ ላይ ጎን ለጎን አበቀሉት። ከዚያ በኋላ ነው ሰርዶ ውስጥ አንድ ዓለም አቀፍ ዓይነትና በየቦታቸው የታጠሩ ሌሎች መኖራቸው የተለየው፤ የማዳጋስካሩ፣ የደቡባዊ አፍሪካው፣ የአፍጋኒስታኑ።

አንተም በባልዲ ትችላለህ። ከደሴው ቁራጭ፣ ከአክስትህ ማሳ ቁራጭ። ተመሳሳይ አፈር፣ ተመሳሳይ ውኃ፣ ሙሉ ፀሐይ። ወዲያው አትለካ። ቁራጩ ከመጣበት ቦታ ይዞት የመጣው ስንቅና ልማድ አለ። አንዴ አሳድገህ፣ ከእሱ አዲስ ቁራጭ ወስደህ እንደገና ትከል። ከዚያ በሁለት አንጓ መካከል ያለውን ርዝመት፣ የቅጠሉን ስፋት፣ የአበባውን ጣት ቁጥር መዝግብ። ከአንድ ተክል ብቻ ሳይሆን ከየቦታው ከተራራቁ ከበርካቶች ውሰድ፣ አለዚያ ሁለት ግለሰብ አወዳድረህ ሁለት ከተማ አወዳደርኩ ትላለህ።

የቻለ ሰው አንዱን ስብስብ ደሴም ኮምቦልቻም ቢተክል የበለጠ ነው። ያው ቁራጭ በሁለቱም ከተማ። ያኔ ብርዱን ከዘሩ መለየት ይቻላል።

ለቦዩ ዳሩ ደግሞ አበባ ያለውን ከነግንዱ ነቅለህ በጋዜጣ መሐል ተጭነህ አድርቀው። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይር። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የምድር ውስጥ ግንድ መኖር አለመኖሩን ጻፍበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሐርቤሪየም አለ፣ የደረቁ ናሙናዎች ተቀምጠው ይወዳደራሉ።

ቦርከና ማዶ

የኮምቦልቻውን ባልዲ እኔ እይዛለሁ። ጣሪያዬ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው። የደሴውን ቁራጭ ብቻ ላኩልኝ።

የቃሉ ልጅ

ከእኔ ማሳ ሁለቱንም ዓይነት ውሰዱ። የፈለጋችሁትን ያህል፣ በነፃ 😄

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ቅዳሜ አክስቴ ጋ እወርዳለሁ። ቦርከና ማዶ፣ የደሴውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አመጣልሃለሁ። የቃሉ ልጅ፣ በዚያው ወደ አንተ እናልፋለን፣ ዶማ አዘጋጅ። ሣር ወዳድ፣ ከየቦታው ስንት ስንት ቁራጭ ይበቃል?

ሣር ወዳድ (ደሴ)

ከየቦታው አሥር፣ እርስ በርሳቸው ቢያንስ ሃያ ሠላሳ እርምጃ የተራራቁ። እያንዳንዱ ሦስት አንጓ ይኑረው። በየቁራጩ ላይ ከየት እንደመጣ በእርሳስ ጽፋችሁ እሰሩ። በእስክሪብቶ አይሁን፣ ውኃ ሲነካው ይጠፋል።